የትሮምቦኑ ወንበር

ሲምረትን ሙዚቃ ያስተማራት ሰው የለም። ይህን ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ከፈረሰው ካዛንቺስ ጠርዝ ላይ በተረፈ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አልጋና ጠረጴዛ ከገቡባት ወዲያ ለሰው መዞሪያ የማትተርፍ ክፍል ተከራይታለች። እዚያች ክፍል ውስጥ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ፣ ሄድፎኗን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ታዛለች። ቫዮሊኑ፣ ቼሎው፣ ፍሉቱ፣ ትሮምቦኑ፣ ከበሮው ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። የሆነ አገር ያሉ ሰዎች እያንዳንዷን ኖታ ለየብቻ ተጫውተው አስቀድተዋል፤ እሷ ደግሞ ቁልፍ እየነካች ትቀሰቅሳቸዋለች። አያረፍዱም፣ አይኳረፉም፣ ሻይ ሰዓት ደረሰ አይሉም። «እንደኔ ታዛዥ ሠራተኛ ያላት ሴት በዚህ ከተማ የለችም» ትላለች።

እንጀራዋ ግን ሌላ ቦታ ነው። ደምበል አካባቢ ካለ ሕንፃ ጀርባ፣ ኢዘዲን የሚባል ሰው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ታስተካክላለች። መንዙማ ይመጣል፣ መዝሙር ይመጣል፣ የሰርግ ዘፈን ይመጣል። የሚመጣው ሁሉ በምንም አይስማማም፤ በአንድ ነገር ብቻ ይስማማል። «እህቴ፣ ኢኮ ጨምሪበት!» ድምፁ ከገደል ማዶ ተመልሶ የመጣ ካልመሰለው የተበደለ ይመስለዋል። ሲምረት መጀመሪያ ትከራከር ነበር። ኋላ እጇ ለመደው። ሻዩን ሳይቀምስ ስኳር እንደሚጨምር ሰው፣ ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ኢኮውን ከፍ ታደርገዋለች።

መድኃኒት የተባለችው የልጅነት ጓደኛዋ ቴአትር ታዘጋጃለች። አሁን በእጇ ያለው ስለ አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ የሚያወራ ሥራ ነው። ልምምዱም ትርኢቱም ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የድሮ የማኅበር አዳራሽ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ሰው ሲያስል የሚመልስ አዳራሽ።

«መጋረጃው የሚከፈተው በኦርኬስትራ ነው» አለቻት መድኃኒት። «አንቺ ትሠሪልኛለሽ። ግን ሲሙ፣ የምሰማው እንደ ጓደኛ አይደለም። እንደ አዘጋጅ ነው።»

«እንደፈለግሽ ስሚው» አለች ሲምረት። ማታ ማታ የሠራችውን አጠናቅቃ፣ በሄድፎኗ ሰምታ፣ በራሷ ሥራ እንባ እንባ ብሏት ነበር። ቫዮሊኑ ሲነሳ ሰማይ የሚነካ መስሏታል።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ተዋናዮቹ ሁሉ ቁጭ ብለው በሚያዳምጡበት፣ መድረኩ ግራና ቀኝ ካሉት ትልልቅ ስፒከሮች ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ዜማው ገባ፤ ከዚያ ዜማው በዜማው ላይ ወደቀ። ከበሮው ቫዮሊኑን ዋጠው፤ ትሮምቦኑ በሁሉም ላይ ተንጠባጠበ። ሲያልቅ እንኳ አላለቀም፤ ጣሪያው ላይ ብዙ ከተንገዋለለ በኋላ ነው ዝም ያለው።

መድኃኒት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሲሙ… ማለቴ… ቆንጆ ነው። ግን ምንድነው የሰማሁት?»

«ሻወር ቤት የገባ የሰርግ ባንድ» አለ አንድ ድምፅ ከፊት ወንበር።

ሰው ሁሉ ሳቀ። የተናገሩት ጋሼ ግርማይ ናቸው፤ የባቡር ነጂውን ሆነው የሚጫወቱት ሽማግሌ። ረጅም ናቸው፤ ጫማቸው ሁልጊዜ እንደ መስታወት ያበራል፤ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም። ቴአትር የጀመሩት በጡረታ ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ ትሮምቦን ነፍተዋል፤ አሁን በፈረሰ አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ። ኦርኬስትራው የሚለማመደውም እዚሁ አዳራሽ ነበር።

«ስፒከራችሁ ነው» አለች ሲምረት።

«ስፒከሩን ተይው» አሉ ጋሼ ግርማይ። «አንቺ ልጅ፣ ትሮምቦኑ የት ነው የተቀመጠው?»

«ኮምፒውተር ውስጥ።»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ የት?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ወንበር የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ! ወንበር ብትከለክይው ጭኔ ላይ ወጣ። ቫዮሊኑም ጭኔ ላይ፣ ከበሮውም ከነእንጨቱ ጭኔ ላይ። በዚህ ዕድሜዬ ይሄን ሁሉ ሰው ልሸከም?»

«በኢኮ አርቄዋለሁ እኮ!»

«አላራቅሽውም። ሁሉንም እኩል አረጠብሽው።»

ሲምረት ላፕቶፗን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። መድኃኒት ጎተት አድርጋ ወደ በሩ ወሰደቻት።

«እስከ ቅዳሜ ልምምድ ድረስ እጠብቅሻለሁ። ሰኞ ፖስተሩ ስታዲየም ጋ ማተሚያ ቤት ይገባል። ‹ሙዚቃ› የሚል ቦታ ላይ ያንቺን ስም እንዲጽፉ ነው የምፈልገው። ካልሆነ ግን ከኢንተርኔት ያለቀለት ነገር አውርጄ ቦታውን አስጠፋዋለሁ። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም» አለች ሲምረት፤ ተቀይማ።

ኢዘዲን ስቱዲዮ ውስጥ ስንት ሰው ዝነኛ የሆነበትን ድምፅ አበጃጅታለች። ስሟ ግን አንድም ቦታ ላይ አልተጻፈም። እንዲህ ያለችው ልጅ፣ ግድግዳ ላይ በትልቁ የተለጠፈ ፖስተር ላይ ስሟን በዓይነ ሕሊናዋ አይታው ነበር። አሁን አንድ ትዕቢተኛ ሽማግሌ በአንድ ቀልድ ሊያስጠፋባት ነው።

ክፍሏ ገብታ ኢኮውን ሁሉ አጠፋችው። ኦርኬስትራው ሚኒባስ ውስጥ እንደታጨቀ ሰው ፊቷ ላይ ተደረደረ። መለሰችው፤ እንደገና ሻወር ቤት ገባ። ቀነሰችው፤ ትንሽ ሻወር ቤት ሆነ። በነጋታው ከሰዓት፣ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ ጋሼ ግርማይ ማኪያቷቸውን ወደሚጠጡበት ከፈረሳ የተረፈ የካዛንቺስ ካፌ ሄደች። ጋዜጣቸውን አጥፈው ቀና አሉ።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎት ነው። መጀመሪያ ግን ይንገሩኝ፤ ሊሰድቡኝ ነው ወይስ ሊያሳዩኝ?»

«ሁለቱንም» አሉና ወንበር ሳቡላት። «ስድቡ በነፃ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። ማሳየቱ ግን ትሮምቦኔን ከቤት ማምጣት ይጠይቃል።»

አመጡት። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ በሩ ላይ ጥበቃው ቡልቻ ብቻ ሬዲዮውን ይሰማል። ጋሼ ግርማይ ሲምረትን መድረኩ ፊት፣ የሙዚቃ መሪው ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ አቆሟትና ዓይኗን አስጨፈኗት።

«ዝም ብለሽ ስሚ። ካወራሽ እሄዳለሁ።»

መጀመሪያ አጠገቧ ቆመው አንዲት ኖታ ነፉ። ሲምረት ደነገጠች። በኮምፒውተሯ ትሮምቦንን ስንት ጊዜ አዛዋለች፤ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ሲነፋው ግን አጠገቧ ሆና ሰምታ አታውቅም። ሆዷ ውስጥ ነው የገባው። ከዚያ ጫማቸው ሲራመድ ሰማች፤ ደረጃውን ወጣ፣ መድረኩን አቋረጠ፣ ራቀ። እንደገና ነፉ። ያችኑ ኖታ።

«ምን ሰማሽ?»

«ቀነሰ።»

«ዋሾ! ከፊተኛው አብልጬ ነው የነፋሁት። ደግመሽ ስሚ።»

ደገሙት። ሲምረት ጥርሷን ነክሳ አዳመጠች። እውነትም አልቀነሰም። ጉልበቱ እዚያው አለ፤ ሰውየው ግን ሩቅ ነው። እንዴት ሆኖ? ሦስተኛ አስነፋቻቸው፤ ወደ ፊት አስመጣቻቸው፤ እንደገና ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ሽማግሌው እየተመላለሱ ያልባቸዋል፣ ትንፋሻቸው ግን አይነቃነቅም፤ እንደ ወጣት ደረት ይዘረጋሉ። በመጨረሻ ዓይኗን ገለጠች።

«ቅድም አጠገቤ ሲነፉ፣ መጀመሪያ የመጡት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ትንሽ ክፍተት አለች። ከዚያ ነው ግድግዳው የመለሰው። እዚያ ጥግ ሲሆኑ ግን ክፍተቷ የለችም። እርስዎና ግድግዳው ተቃቅፋችሁ ነው የመጣችሁት። ደግሞ ጫፉ… ማለቴ… ስለቱ የለም። ዶልዱሟል።»

ጋሼ ግርማይ ትሮምቦናቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላ ነው የተቀመጥኩት» አሉ። «ፊት የተቀመጡት ስለ ቅርብ ያውቃሉ። ስለ ሩቅ ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልተወለደም።»

ሌላ ሰው እንዲህ ቢል ሲምረት በአንድ ቃል ታወርደው ነበር። አሁን ግን ላቡ በግንባሩ የሚወርደውን፣ ጫማው የሚያበራውን ሰውዬ አየችና፣ ይህ ሰው ጉራውን በትንፋሹ ነው የሚከፍለው አለች በልቧ። እንዲህ ያለ ጉረኛ ትወዳለች። ራሷም እንዲያ ነች።

«ነገ ፊኛ ይዤ እመጣለሁ» አለች።

«ልደቴ ሚያዝያ ነው።»

«ለልደት አይደለም። ፊኛ ስናፈነዳ አዳራሹ የሚመልሰው መልስ አለ አይደል? እሱን እቀዳለሁ። ኮምፒውተሩ ያንን መልስ ካገኘ፣ ቫዮሊኑንም ከበሮውንም እዚያው ቦታ ላይ እንዳለ አድርጎ ያስመልስልኛል። ኢንተርኔት ላይ አይቼዋለሁ። ሲሠሩት ያየኋቸው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያፈነዱት። እኛ በየወንበሩ እናፈነዳለን።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። «ወንበሮቹን እኔ አሳይሻለሁ።»

በማግሥቱ ሲምረት ስታዲየም ጋ ኳስ ሲኖር አዟሪዎች የሚሸጡትን ባለ ቀለም ፊኛ ገዝታ መጣች። መቅጃዋን መሪው ይቆም በነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠች። ጋሼ ግርማይ ደግሞ ፊኛና መርፌ ይዘው መድረኩ ላይ ወጡ። ዝም ብለው አልቆሙም። ቦታውን በእግራቸው እየፈለጉ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያሉ፣ ልክ የነበረበት ሲደርሱ ነው የሚቆሙት።

«እዚህ አርያም። ፊተኛዋ ቫዮሊን። እጇ ሐር ነበር፤ ምላሷ ግን እንዳንቺው።»

ጧ!

«እዚህ ቼሎው። ስሙን ልነግርሽ አልፈልግም፤ ገንዘቤን ሳይመልስ ነው የሞተው።»

ጧ!

«እዚህ ፍሉቷ። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ዞራ ነበር የምትቀመጠው፤ መስኮቱ ይበርዳታል።» ፊኛውን ወደ ቀኝ ዞር አድርገው ያዙት።

ሲምረት በሳቅ ልትፈነዳ ነበር፤ ዞር ብለው የያዙበትን ጥንቃቄ ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። ሰውየው ፊኛውን የያዙት የሰው ጭንቅላት እንደሚይዙ ነበር።

«እዚህ ሃይለአብ። ሆርን።»

ጧ!

በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተና ቡልቻ ዱላውን ይዞ ገባ። «ምንድነው የሚተኮሰው?!»

«ሃይለአብ ነው» አሉ ጋሼ ግርማይ ሳይዞሩ። «ሆርን ተጫዋቹ።»

ቡልቻ ባዶውን መድረክ ቃኘ። «ታዲያ ሰውየው የት አለ?»

«ሞቷል።»

ቡልቻ ሲምረትን አየ። ሲምረት ትከሻዋን ነቀነቀች። «ጋሽ ቡልቻ፣ ገና ከበሮው ይቀረናል። ትልቅ ፊኛ ነው፤ እንዳይደነግጡ።»

«እኔ ከዚህ በኋላ ውጭ ነኝ» አለ ቡልቻ፤ ግን አልወጣም። በሩን ዘግቶ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየ።

የመጨረሻውን ፊኛ ጋሼ ግርማይ መድረኩ ጥልቅ ውስጥ፣ ከግድግዳው አጠገብ ይዘውት ቆሙ። ማን ይቀመጥበት እንደነበር አልተናገሩም። መርፌውን ወጉት።

ክፍሏ ገብታ ሁሉንም በየወንበሩ ስታስቀምጥ ነጋባት ማለት ይቻላል። ቅርቦቹ ቫዮሊኖች ከመልሳቸው በፊት ትንሽ ትንፋሽ አገኙ፤ ሩቆቹ ከግድግዳው ጋር ተቃቀፉ፤ ስለታቸው ዶለዶመ። ሄድፎኗ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተከፈተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሠራተኞቿ አንዱ ከሌላው ኋላ ቆሞ ታያት። ከእንግዲህ ማንም አይነካኝም አለች።

ዓርብ ዕለት ግን፣ ለማንኛውም እርግጠኛ ልሁን ብላ አዳራሹ ውስጥ ባሉት ስፒከሮች ስትከፍተው፣ ድምፁ እንደገና ተደበላለቀ። የመጀመሪያው ቀን ያህል አይደለም፤ ግን አሁንም ጭጋግ አለው። እነአርያም አሉ፣ እነሃይለአብ አሉ፤ በላስቲክ ተሸፍነው ነው ያሉት።

ጋሼ ግርማይ ራሳቸውን ወዘወዙ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጓለይ። እኛ ነፍተን ወደ ቤት ነበር የምንሄደው።»

ሲምረት መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከውጭ ቡልቻ አንዱን ሾፌር ሲቆጣ ይሰማል፤ ድምፁ በሩን አልፎ ገብቶ አዳራሹ ውስጥ ይንከባለላል። ልጅቱ ድምፁን በጆሮዋ ተከተለችው። ቡልቻን ማንም ኢኮ አልጨመረለትም። አዳራሹ ነው የጨመረለት። ማንም ሳይጠይቀው፣ ለማንም ሳያዳላ።

ብድግ አለች።

«እኔ ደደብ! አዳራሹን ቀድቼ ይዤ መጥቼ፣ መልሼ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ከፈትኩት! ሁለቴ እየመለሰ ነው፣ ጋሼ። አንዴ ከኮምፒውተሬ፣ አንዴ ከራሱ።»

«ታዲያ ፊኛው ሁሉ ለከንቱ ነው የፈነዳው?»

«ለከንቱ አይደለም። መጀመሪያውን እፈልገዋለሁ። ማን ቅርብ፣ ማን ሩቅ እንደሆነ የሚናገረው መጀመሪያው ነው። ጭራውን ነው የምቆርጠው። ጭራውን አዳራሹ ራሱ ያበጅልኛል።»

እዚያው መድረኩ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ መቁረጥ ጀመረች። ኢዘዲን ስቱዲዮ ውስጥ ስትጨምር የኖረች እጅ፣ አሁን መቀነስ ያዘች። የእያንዳንዱን ፊኛ ድምፅ ጥቂት መነሻውን አስቀርታ፣ ሌላውን ጣለችው። ጋሼ ግርማይ ከኋላዋ ቆመው ምንም ያልገባቸውን መስመርና ቀለም ያዩ ነበር። ያልገባቸውን ነገር እንዲያ በአድናቆት ሲያዩ ማንም አይቷቸው አያውቅም።

ቅዳሜ ልምምዱ ሊጀመር የአዳራሹን መብራት አጠፉት። መድኃኒት መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ግርማይ የባቡር ነጂውን ካፖርት ለብሰው፣ ለኋለኛው መጋረጃ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አድርገው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ እንዳይነቃነቁ ታዘዋል።

ቼሎዎቹ ገቡ። እዚህ፣ መድረኩ ጫፍ ላይ፤ ቀስቱ ገመዱን ሲነካ ይሰማል። ቫዮሊኖቹ ከጎናቸው ተነሡ። ፍሉቷ ከትከሻቸው በላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ዞር ብላ መጣች። ሁሉም ቦታ ነበረው፤ በሁሉም መሐል አየር ነበረ። ከዚያ ከበሮው ዝቅ ብሎ አጉረመረመ፤ ቀጥሎም ከመጋረጃው ጀርባ፣ ግድግዳው ካለበትም ወዲያ ከሚመስል ቦታ፣ ትሮምቦኑ አንዲት ረጅም ኖታ ያዘ።

ጋሼ ግርማይ ዞሩ።

«ጋሼ! ወደ ፊት!» አለች መድኃኒት።

አልሰሟትም። ተነሡ፤ ካፖርታቸውን እየጎተቱ ሄደው መጋረጃውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉ። ከኋላው መጥረጊያና የተሰበሩ ወንበሮች ነበሩ። ኖታው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆሙ። ሙዚቃው ዝም ሲል አዳራሹ የራሱን ጭራ ጨመረበት፤ ልክ የሚበቃውን፤ ከዚያ እሱም ዝም አለ።

«ማንም የለም» አሉ ጋሼ ግርማይ።

«እኔም ሰው ያለ መስሎኝ ነበር» አለች መድኃኒት። ጎንበስ ብላ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። «ጋሼ፣ ያ መዞር ይቀመጥ። በየትርኢቱ ይዙሩልኝ። ሄሎ? ሄሎ፣ ለፖስተሩ ነው። ‹ሙዚቃ› የሚለው ቦታ አለ አይደል? ሲምረት አብርሃ በልበት። አዎ፣ ከነአባቷ ስም።»

«በትልቁ በይው» አለች ሲምረት ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ።

ጋሼ ግርማይ ከመድረኩ ጫፍ ላይ ጎንበስ አሉ። «የትሮምቦኑስ? ትሮምቦን ግርማይ በሉበት እንጂ!»

«እርስዎ አልነፉም እኮ፣ ጋሼ! የነፋው የሆነ ፈረንጅ ነው፤ ስሙንም አላውቀውም።»

«ይንፋዋ! የተቀመጠው ግን የኔ ወንበር ላይ ነው!»

ሲምረት አፏን ከፈተች፤ መልስ ነበራት፤ ጥሩ መልስ። መልሳ ዋጠችውና ስልኩን ከመድኃኒት እጅ ተቀበለች።

«ሄሎ፣ ወንድሜ፣ እንዳትዘጋው። ከኔ ስም ሥር አንድ መስመር ጨምርበት።»